መጥረግ ነውር ሆነ እንዴ?

ስዊድኖች ዘንድ «የከርሊንግ ወላጅ» የምትባል ስድብ አለች። ለስላሳ ስድብ ናት፤ ጮኸው አይናገሯትም፣ ፈገግ ብለው ነው ጣል የሚያደርጓት። ልጁ ሳይደናቀፍ እንዲንሸራተት ፊት ፊቱ እየሮጠ መንገዱን የሚጠርግለት፣ ቦርሳውን የሚሸከምለት፣ የቤት ሥራውን የሚሠራለት፣ ዝቅ ያለ ማርክ ሲመጣ አስተማሪው ቢሮ ድረስ ሄዶ የሚሟገትለት አባት ወይም እናት፣ በቃ፣ የከርሊንግ ወላጅ ነው። ቃሏን ያስለመዳት ቤንት ሆውጎር የሚባል ዴንማርካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግድም መሆኑ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንባቢ ይታገሰኝ)። ከዚያ ባሕሩን ተሻግራ ስዊድን ገባች፣ ኖርዌይ ገባች፣ ሬዲዮ ገባች፣ የወላጆች ስብሰባ ገባች። አሁን ደግሞ ስቶክሆልም ያሉ ያገሬ ሰዎች አፍ ውስጥ ገብታለች። «የኛም ልጆች የከርሊንግ ልጆች ሆኑ!» እያለ አንድ የተማረ ወንድማችን ከቡና በኋላ ሲያማርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጠቤ ከዚች ቃል ጋር ነው። ልጅ ማሞላቀቅ ደግ ነገር ነው ልል አይደለም የመጣሁት፤ እሱን ተውት። እኔ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ስነግራቸው ኖሬያለሁ፦ ዘይቤ ሁለት እግር አለው። ሰውን ከአንበሳ ጋር ልታመሳስል ከፈለግህ ሰውየውንም እወቅ፣ አንበሳውንም እወቅ። አንበሳውን ሳያውቅ «እንደ አንበሳ» የሚል ገጣሚ የሚሰድበው አንበሳውን ነው። የዴንማርኩ ምሁር ወላጆችን ያውቃል፣ አልጠራጠርም። ከርሊንግን ግን ያየው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰሐን እያጠበ በኩሽና በር በኩል ነው።

ከርሊንግ ባጭሩ ይህ ነው። አርባ አምስት ሜትር ግድም የሚረዝም የበረዶ ሜዳ አለ። ከዚህኛው ጫፍ አንዱ ተጫዋች እጀታ ያለው ክብ የግራናይት ድንጋይ ይዞ በአንድ ጉልበቱ በርከክ ብሎ እየተንሸራተተ ይመጣና ከተወሰነው መስመር ሳያልፍ ይለቀዋል። ድንጋዩ ሃያ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቢጎድለው ነው። ስኮትላንድ አጠገብ ባሕር ላይ አይልሳ ክሬግ የምትባል ሰው የማይኖርባት ጉብታ ደሴት አለች፤ የኦሊምፒኩ ድንጋይ ግራናይት ከሷ ነው የሚመጣው። በወዲያኛው ጫፍ በረዶው ላይ ክብ በክብ ውስጥ የተሳለ ዒላማ አለ፤ እነሱ «ቤት» ይሉታል። በየዙሩ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ድንጋይ ይልካል፤ አራት ሰዎች፣ ለያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። ዙሩ ሲያልቅ ለቤቱ መሐል የቀረበው ነጥብ ይቆጥራል። የመጨረሻዋን ድንጋይ የመላክ መብት ያለው ቡድን «መዶሻው በእጁ ነው» ይባላል። ዙሩ በኦሊምፒክ አሥር ነው፤ እኩል ከወጡ ይጨመራል።

ድንጋዩ ሲለቀቅ እንደ እንዝርት ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ በመሽከርከሩም መንገዱ ይታጠፋል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ መታጠፍ ነው። ለምን እንደሚታጠፍ የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም። በ2013 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ድንጋዩ በረዶው ላይ የሚተዋቸው ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው የሚመሩት» ብለው ጻፉ፤ ሌሎቹ ተነሡባቸው፤ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ እግሩ ሥር የሚንሸራተት ድንጋይ እንዴት እንደሚታጠፍ ገና ሲጨቃጨቅ ማየት ደስ ይለኛል።

ወደ መጥረጊያው ልምጣ። ሁለት ሰዎች መጥረጊያቸውን ይዘው ከሚንሸራተተው ድንጋይ ፊት ፊት ይሮጣሉ፤ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ተጭነው በረዶውን ይፈትጉታል። ምኑን ነው የሚጠርጉት? እንቅፋት? እንቅፋትማ የለም። በረዶው ላይ አስቀድሞ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ተረጭቶ እንደ ሽፍታ ችፍ ብሎ ረግቷል፤ ፍትጊያው ያንን ለቅጽበት ያሞቀዋል፣ መጎተቱ ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ጥቂት ሜትር ይጨምራል፣ መታጠፉም ይዘገያል። ይኸው ነው። መንገድ ላይ የቆመ እውነተኛ እንቅፋት ካለ የተቃራኒው ቡድን ድንጋይ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠራጊው ንክች አያደርገውም። ሆን ተብሎ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነውና በጥበብ ይታለፋል፣ ወይም በሌላ ድንጋይ ይመታል።

ከዚህ ይልቅ የምትገርመኝ ሌላ ሕግ አለች። የተለቀቀን ድንጋይ ማንም አይነካም። ጠራጊው ቢደክም፣ ቢያዳልጠው፣ የመጥረጊያው ጫፍ ለጥቂት ድንጋዩን ዳሰስ ቢያደርገው፣ ድንጋዩ «ተቃጥሏል» ይባላል፤ እንደ ሁኔታውም ከጨዋታ ይወጣል። እና ማነው «ነካሁት» ብሎ የሚናገረው? የነካው ራሱ ነው። ዳኛ እስኪያይ አይጠበቅም፤ የጨዋታው ወግ እንዲህ ያዛል። በእኛ ዘመን ኳስ በእጁ አግብቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ሲጨበጨብለት ላየን ሰዎች ይህ ራሱን የቻለ ተረት ይመስላል።

እንግዲህ አንባቢዬ ፍረድ። ድንጋዩን አይገፋም፣ አይነካም፣ አቅጣጫውን አልመረጠለትም፣ እንቅፋቱን አላነሣለትም። አጠገቡ ይሮጣል፣ ላቡን ያንጠፈጥፋል፣ ሲደርስ ቀና ብሎ ያያል። ይህ ነው ስድብ የሆነው? የከርሊንግ ወላጅ ማለት እንዲህ ያለው ከሆነ እኔ ብሆን ግንባሬ ላይ ለጥፌው እዞር ነበር። የዴንማርኩ ሰው ሊሰድብ የፈለገው ሌላ ወላጅ ነው፤ ድንጋዩን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሄዶ ቤቱ መሐል የሚያስቀምጠውን። ለሱ ስም ያጣ እንደሆነ እንጠቁመው ነበር፤ እኛ ዘንድ በያይነቱ ሞልቷል።

ሁለተኛዎቹ ባላንጣዎቼ አላጋጮቹ ናቸው። የክረምት ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ባለበት ካፌ ሁሉ «ቤት መጥረግም ስፖርት ሆነ!» የምትል ቀልድ አለች፤ አራት ዓመት ተጠብቃ በአራተኛው ዓመት ትወጣለች፣ አትሻግትም። ሯጭ ያበቀለ አገር ሰው ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቡ ነው የሚንቃቸው። «ይሄ የጡረተኛ ጨዋታ ነው» ይላል። እስቲ የአንዱን «ጡረተኛ» ዕድሜ ልቁጠርላችሁ።

ኒክላስ ኤዲን በ1985 ሰሜን ስዊድን ውስጥ ኧርንሾልድስቪክ ተወለደ። የዚያ አገር ልጅ ሁሉ ሕልሙ የበረዶ ሆኪ ነው፤ ከተማዋ ፒተር ፎርስበርግንና መንትዮቹን ሴዲኖችን የመሰሉ በአሜሪካና በካናዳ ሜዳ የነገሡ ሆኪ ተጫዋቾች አውጥታለች። ልጅ ኒክላስ ከዚያች ከተማ ወጥቶ ድንጋይና መጥረጊያ መረጠ። በ2004 ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳለ የቡድኑ አዛዥ ሆኖ (እነሱ «ስኪፕ» ይሉታል) የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ።

እኛ አገር ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ድግስ፣ ካባ፣ ንግግር፣ ከዚያም ዝምታ ነበር። ልጁ ግን ትልቁን የዓለም ዋንጫ ለማንሣት ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። በ2010 ቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሄደ፤ አራተኛ ወጣ። አራተኛ! ከስፖርት ሁሉ ክፉው ቦታ አራተኛነት ነው። የመጨረሻ የወጣ ቢያንስ ይታዘንለታል። ጀርባውን ጨምሮ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ነው፤ «ጡረተኛ» የሚሉት ጨዋታ አካል ሲበላ እንዲህ ነው። በ2013 ዓለምን አሸነፈ። በ2014 ሶቺ ላይ ነሐስ አገኘ። በ2018 ፒዮንግቻንግ ፍጻሜ ደረሰ፤ ከአሜሪካኖቹ ጋር አምስት ለአምስት ሆነው ስምንተኛው ዙር ላይ አሜሪካኖቹ በአንድ ዙር አምስት ነጥብ ቆጠሩና 10 ለ 7 ተሸነፈ። በአንድ ዙር አምስት ነጥብ መቆጠር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ፦ ሠርግ ቤት ድንኳን በላይ ላይ እንደ መውደቅ ያለ ነገር ነው። ብር ይዞ ተመለሰ። በ2022 ቤጂንግ ላይ ከብሪታንያ ጋር አሥሩ ዙር አልበቃ ብሎ በተጨማሪው 5 ለ 4 አሸነፈና ወርቁን አነሣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፤ በየአራት ዓመቱ አንዲት ደረጃ። ከወጣቶች ዋንጫ እስከ ኦሊምፒክ ወርቅ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። በመሐሉ የዓለም ዋንጫውን በ2015፣ በ2018፣ በ2019 እና በ2021 አነሣ፤ ወርቁን ካገኘ በኋላም በዚያው በ2022 እና በ2024 ደገመ። በወረርሽኙ የቀረውን የ2020 ውድድር ከተውነው አራት ጊዜ በተከታታይ ነው።

ይህን ልጅ ማን ጠረገለት? በደምብ ተጠርጎለታል እንጂ! ስኪፑ የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ነው የሚልከው፤ የሚጠርጉለት ጓደኞቹ ናቸው። ክሪስቶፈር ሱንድግሬን የሚባለውን ሰው ስም ከስዊድን ውጭ ስንቱ ያውቀዋል? ድንጋዮቹን መጀመሪያ የሚልከው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መጥረግ ነው፣ መጥረግ፣ አሁንም መጥረግ። ራስሙስ ቭራኖም ይጠርጋል። ኦስካር ኤሪክሶን ደግሞ ራሱ በ2011 የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮን ስኪፕ የነበረ ነው፤ የራሱን አዛዥነት ትቶ ከኤዲን ሥር ገባ። በ2022 ከቡድኑ ጋር ወርቅ፣ ከአልሚዳ ዴ ቫል ጋር በጥንድ ነሐስ አገኘ፤ በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው የከርሊንግ ሰው እሱ ነው። ከሌላ ሰው ሥር መግባትና መጥረግ እንዲህ ያደርሳል። «የተጠረገለት ልጅ አይጠነክርም» የምትሉኝ እንግዲህ አራት ኦሊምፒክ ቆጥራችሁ ንገሩኝ።

ገንዘብ ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ ከርሊንግ በስዊድን ማንንም ቱጃር አላደረገም። አኔት ኖርበርግ በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ አንሥታለች፤ ሁለቱንም ፍጻሜ በተጨማሪ ዙር 7 ለ 6 ነው ያሸነፈችው። ሙያዋ ምን መሰላችሁ? የኢንሹራንስ ሒሳብ ሊቅ ናት፤ ሰው በስንት ዓመቱ እንደሚሞት እየገመቱ ዓረቦን የሚያሰሉት ዓይነት። ሁለተኛውን ወርቅ ስታገኝ አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። (በመሐሉ ከነቡድኗ ከአንድ ያገሯ የሄቪ ሜታል ባንድ ጋር የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ወጥታለች። ይህን ለምን እንደነገርኳችሁ አላውቅም፤ ደስ ስላለኝ ነው።)

አሁን ወደሚያሳክከው ቦታ ልድረስ። የከርሊንግን ቃል ለስድብ የሚያውሉ ሰዎች ከርሊንግ ውስጥ ያለውን ትክክለኛውን ጥያቄ ዘለውት ሄደዋል። ራስሙስ ቭራኖ እህት አለችው፤ ኢሳቤላ ትባላለች፣ በ1997 የተወለደች፣ በ2017 የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮን የሆነች ስኪፕ። አባታቸው ማትስ ቭራኖም የከርሊንግ ሰው ነው። የአኔት ኖርበርግ ቡድን ውስጥ እህቷ ካትሪን ነበረች። ልጆቹ ሜዳሊያውን በራሳቸው ክንድ ነው ያመጡት፣ አንድም ሰው አልሰጣቸውም። ነገር ግን በረዶው ቤታቸው ነበረ። የበረዶ ሜዳ የት እንዳለ፣ ጫማው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ክለቡ በየትኛው ቀን ልጆች እንደሚቀበል የሚያውቅ አባት ነበራቸው። የከርሊንግ ሜዳ እንደ ኳስ ሜዳ በየመንደሩ አይገኝም፤ ኳስ በካልሲ ይሠራል፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ግራናይትና የረጋ በረዶ ግን በካልሲ አይሠራም። ስለዚህ የሚያስቆጨው ወላጅ መጥረጉ አይደለም። የሚያስቆጨው የሚጠርጉለት ሁለት ሰዎች ያሉት ልጅና ማንም የሌለው ልጅ በአንድ ዓይነት ግፊት መለቀቃቸውና አንዱ ከቤቱ ቀርቶ ሲቆም «ሰነፍ ነህ» መባሉ ነው።

ስቶክሆልም ዳርቻ የምትኖር አንዲት እህታችን አለች። በየማለዳው ከአሥር ሰዓት ጀምራ የመሥሪያ ቤት ወለል ትጠርጋለች፤ ከዚያ ልጇን ቀስቅሳ ት/ቤት ታደርሳለች። ልጁ ሒሳብ ከበደው። እናት ሄዳ አስተማሪውን ጠየቀች፤ ምን ባግዘው ይሻላል ብላ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው አስተማሪው ፈገግ ብሎ «የከርሊንግ ወላጅ ባትሆኚ ጥሩ ነው» አላት። ቃሉን አላወቀችውም። ቤቷ ገብታ አንዲት ጎረቤቷን ጠየቀች፤ ጎረቤቷም «ፊት ፊት እየሄደ የሚጠርግ ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላት። ይህን ስታጫውተኝ ሳቅ አላለችም። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ጠራጊ መሆኔን ማን ነገራቸው?»

ምን ብዬ ልመልስላት? የዘይቤ ትምህርት ልስጣት? ያ አስተማሪ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ቃሉን ከሌሎች ተቀብሎ ነው ያቀበላት። ክፋቱ ቃሉ ላይ ነው። ይቺ ቃል የተሠራችው ጊዜም መኪናም ያለው፣ ሕጉን የሚያውቅ፣ ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ወላጅ ታይቶ ነው። እሱ ስድቧን ሲሰማ ይስቃል፤ እራት ላይ ስለራሱ ይቀልድባታል፤ ልጁንም መጥረጉን አይተውም። ስድቧ የምትሰማው፣ የምታምው፣ ሰምቶም የሚታረምላት እዚያ ታች ያለው ወላጅ ነው። እህታችን ከዚያ ወዲያ አስተማሪው ጋ አልሄደችም። ማን ተጎዳ? ሒሳብ የከበደው ልጅ።

ቡና ላይ ሲያማርር የሰማሁት የተማረው ወንድማችንም የዘነጋው ይህንን ነው። «እኛ ማን ጠረገልን? በባዶ እግራችን ነው የተማርነው!» ይላል፤ ያኔ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ውሸት! እኔም የዚያው ዘመን ልጅ ነኝ። ገበያ ወርዳ እንቁላል ሸጣ ደብተር የምትገዛ እናት ነበረች፤ የኔታን በቅቤ የምትለማመጥ አያት ነበረች፤ ከተማ ያለ አጎት ምድር ቤቱን ለቅቆ «እዚህ ሆነህ አጥና» ያለበት ቤት ነበረ። በባዶ እግራችን ሄድን እንጂ ባልተጠረገ መንገድ አልሄድንም። ጠራጊዎቹ ስላልተጻፉ የሌሉ መሰሉን።

ልክ የለውም ወይ ለምትሉኝ፣ አለው እንጂ። እሱንም ቢሆን ከጨዋታው ራሱ መማር ይቻል ነበር። በ2015 አዲስ ዓይነት የመጥረጊያ ጨርቅ ወጣ፤ ሸካራ ነው፣ በረዶውን ይጭራል፣ ጎበዝ ጠራጊ ሲይዘው ድንጋዩን ወደፈለገው አቅጣጫ ይነዳዋል። ወዲያው ጩኸት ሆነ። እንግዲህ ላኪው ለምን ያነጣጥራል? ጠራጊው ከኋላ የሚያርምለት ከሆነ የእጁ ጥበብ ምን ሊሆን ነው? የጮኹት ተመልካቾች ብቻ አይደሉም፣ ብዙዎቹ ታላላቅ ቡድኖች ራሳቸው «አንጠቀምበትም» ብለው ፈረሙ። በካናዳ ሙከራ ተደረገ፣ በ2016 የዓለም ፌዴሬሽኑ የተፈቀደውን ጨርቅ ለይቶ ወሰነ። መጥረግ አልተከለከለም። መንዳት ነው የተከለከለው። ሁለቱን የሚለየውም የጨርቅ ሸካራነት ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ጨርቁን በእጅ መዳሰስ ይጠይቃል፤ ራቅ ብሎ ስም በመለጠፍ አይታወቅም።

ለዚያች እህቴ በመጨረሻ ያደረግኩላት ነገር ቢኖር ጨዋታውን በስልክ ከፍቼ ማሳየት ነው፤ የ2022ቱን ፍጻሜ። ልጇም መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ። አንድም ነገር ሳትናገር ለረጅም ጊዜ አየች። ሱንድግሬንና ቭራኖ ጎንበስ ብለው ሲፈትጉ ስታይ «አያያዛቸው ልክ ነው፤ በወገባቸው አይደለም በትከሻቸው ነው የሚጫኑት» አለች፤ የባለሙያ አስተያየት ነው። ልጁ ድንጋዩ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በረዶው የት እንዳለም ጠየቀኝ፤ እሱን እናትየው ለመጪው ቅዳሜ ጠይቃ ልትነግረው ቃል ገባችለት።